የታችኛው መንገድ ጋሪዎች

የኮምቦልቻን የጋሪ መስመር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ያን ጊዜ ባጃጅ የለ፣ ሚኒባስ የለ። ከተማው አስፋልቱን ተከትሎ የተዘረጋ ነው፤ ሰውን ከቤቱ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ገበያ የሚያደርሰው የፈረስ ጋሪ ብቻ ነበር። የትኛው ጋሪ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚዞር በወረቀት ላይ አስምሮ ለምክር ቤት ያቀረበ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። የተወለድኩት ቢስቲማ አጠገብ፣ ከገበሬ ቤት ነው። ልጅ ሆኜ ቁርአን ስቀራ የአረብኛውን ፊደል አወቅኩ፤ የአማርኛውን ግን ማንም አላስቆጠረኝም። ጎረምሳ ስሆን ደሴ ወጣሁና ሆጤ ሠፈር ከአንድ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። ስኳርና ሻይ ቅጠል የምንጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣ ነበር፤ በዚያ ጋዜጣ ራሴን አስተማርኩ። ነጋዴው አያታቸው ከየመን ተሻግረው የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። "ይሄ ልጅ ወረቀቱን አንብቦ ካልጨረሰ ስኳሩን አይጠቀልልም፤ ደንበኛዬን ሁሉ አባረረው" እያሉ ለጎረቤት ያሙኝ ነበር። ሲያሙኝ ግን ፊታቸው ይበራ ነበር። ካርታ መሳል የለመድኩት ደግሞ ሐረጎ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲጠገን ከቀያሾች ጋር ችካል ስተክል ከረምኩ። እነሱ ሲለኩ እኔ አየሁ። ለእኔ ማየት ይበቃኛል።

ከዚያ ኮምቦልቻ ወርጄ ከአስፋልቱ ዳር የጎማ ጥገና ቤት ከፈትኩ፤ ጎሚስታ ሆንኩ። ከአሰብ ወደብ ጭኖ የሚመጣ ከባድ መኪና ጎማው ሲተነፍስ የሚቆመው እኔ በር ላይ ነበር። አብዮቱ መጥቶ ቀበሌ ሲቋቋም ነዋሪው ለከተማው ምክር ቤት ተወካይ አድርጎ መረጠኝ፤ ምክር ቤቱም የትራንስፖርትና የትራፊክ ደህንነት ኮሚቴ ውስጥ አስገባኝ። ማንን ያስገባ? መንገዱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ታናሽ ወንድሜ ጋሪ ነጂ ነበር። እኔን ተከትሎ ከገጠር ወርዶ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ አንድ ዳማ ፈረስና አንድ ጋሪ አፈራ። ከዚያ ሌላ ሀብት አልነበረውም። ፊደል ላስተምረው ብዙ ጊዜ ሞክሬ እምቢ ብሎኛል። "ጋሼ፣ ከሁለታችን አንዳችን ካነበብን ይበቃል፤ አንተ ታነበዋለህ፣ እኔ እነዳዋለሁ" ይለኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ዝናቡ ለሁለተኛ ጊዜ በቀረበት ዓመት ነው። የአብዮት በዓል በታላቅ ድግስ ሊከበር ነው ተብሎ ከአሰብ የሚመጣው መኪና በዛ። ሲሚንቶ ይጭናል፣ ብረት ይጭናል፣ ምን እንደሚጭን የማይታወቅ በሸራ የተሸፈነም አለ። ተሳቢ የሚጎትቱ ስለሆኑ ወደ ከተማው የሚያስገባውን ቁልቁለት ይዘው ሲመጡ ቶሎ አይቆሙም። አንድ ቀን በር ላይ ጎማ እየፈታሁ ሳለ ከመኪናዎቹ አንዱ ጋሪ መታ። ቀና ስል ጋሪው ተገልብጦ ጎማው በአየር ላይ ይሽከረከራል። ከገበያ የምትመለስ አሮጊት ተሳፍራ ነበር፤ እሷም ፈረሱም እዚያው ቀሩ። ሰው እየጮኸ ተሰበሰበ። እኔም ሄጄ አየሁ፣ ነጠላዋን አለበስኳት፣ ተመልሼ ጎማዬን መፍታት ቀጠልኩ። ጎማውን የምፈታለት ሾፌር ይቸኩል ነበር።

በዚያው ሳምንት ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ቆቡን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ተነሣ።

"ጓዶች፣ አስፋልት የተሠራው ለሞተር ነው። ፈረስ ፍሬን የለውም፣ መብራት የለውም፣ ሲታጠፍ ምልክት አያሳይም። ጋሪ የሚባል ከከተማው ይውጣ።"

"ሠራተኛውን አንተ በጀርባህ ታደርሰዋለህ?" አለች የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ። ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ፣ አፏ እንደምትሸጠው በርበሬ የሆነች ሴት ነበረች።

"በእግሩ ይሂድ።"

"በእግሩማ ይሄዳል፤ አንተ ሞተር ብስክሌት ላይ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ።"

ሳቅ ሆነ። ሊቀ መንበሩ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። እኔ ያን ጊዜ የወንድሜን ፈረስ እያሰብኩ ነበር። ጋሪ ከከተማው ይውጣ ማለት ወንድሜ ከነልጆቹ ይውጣ ማለት ነው። ይህን ግን አልተናገርኩም፤ በስብሰባ ላይ ስለ ዘመድ መናገር ክብርን ይቀንሳል። ተነሥቼ እንዲህ አልኩ፦

"ጋሪ አስፋልት ላይ አይውጣ፤ እዚህ ላይ ከሃምሳ አለቃው ጋር እስማማለሁ። ከከተማው ግን አይውጣ። ከአስፋልቱ ግርጌ ቦርከናን ይዞ የሚሄድ የድሮ የአፈር መንገድ አለ። ከድልድዩ ይነሣል፣ በመስጊዱ ጓሮ ያልፋል፣ በመቃብሩ አጥር ሥር አድርጎ ከፋብሪካው የኋላ በር ይወጣል። መስመሩን እኔ አወጣዋለሁ፣ ፌርማታውን እኔ እተክላለሁ።"

በመቃብሩ አጥር ሥር ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬዋለሁ። በአዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ የዚያው አገር ሰው ነው። በዚያ መንገድ ቃሬዛ ያልተሸከመ ወንድ፣ ቆሞ ሬሳ ያልሸኘ ሰው አልነበረም። ማንም ምንም አላለም። ለምን ዝም አላችሁ ብዬ ኋላ ብዙዎቹን ጠይቄያለሁ። ያ መንገድ የቀብር መንገድ ቢሆንም በስብሰባ ቤት ስንነጋገርበት ሌላ መንገድ ይመስለን ነበር ከማለት የተሻለ መልስ የሰጠኝ ሰው የለም።

ሊቀ መንበሩ ሐሳቡን ተቀበለው። "እስከ በዓሉ ይሞከር" አለ። "ነገር ግን ፋብሪካው ምርት ይጠበቅበታል። ሠራተኛው ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት በር ላይ መገኘት አለበት። ሠራተኛ ካረፈደ ጋሪ የሚባል ነገር በዚህ ከተማ አይታይም። በቃለ ጉባኤ ይያዝ።"

ያን ቀን ማታ የመስመሩን ካርታ ሣልኩና ወንድሜ ቤት ሄጄ መሬት ላይ ዘረጋሁለት። ፈረሱን እያሻሸ ከላይ ወደ ታች ተመለከተው።

"ጋሼ፣ ፈረሱ ውሃ የሚጠጣበት የቱ ጋ ነው?"

"ቦርከና አጠገቡ አይደለም እንዴ!"

"እሱን ታዲያ አልሣልከውም።"

"የወንዝ ሥዕል ምን ያደርግልሃል? ውሃው እዚያው አለ።"

"አይ፣ እንግዲህ ተምረሃል" አለና ሚስቱን አየት አድርጎ ሳቀ።

ካርታውን አውራጃው ማጽደቅ ስለነበረበት ደሴ ይዤ ወጣሁ። እዚያ ያገኘሁት ወጣት መሐንዲስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቅርቦ ረጅም ጊዜ አየው። "ጋሼ፣ ማን አስተማርዎ?" አለኝ። "ማንም" አልኩት። "መለኪያውን ረስተዋል፤ በወረቀት ላይ ያለው በመሬት ላይ ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም" አለኝ። "ኮምቦልቻን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?" አልኩት። ስቆ ራሱ በእርሳስ ጻፈበትና ማኅተም አስመታልኝ። ያን ካርታ ያየ ሁሉ አድንቋል።

ስመለስ በአውቶቡስ ሐረጎን ስንወርድ በመንገዱ ዳርና ዳር ሰው ይሄዳል። ከሰሜን በኩል የመጡ ናቸው። ቤተሰብ ከነልጁ፣ ሽማግሌ በምርኩዝ፣ ከብት የሌለው እረኛ። ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ያልፋቸዋል፤ እነሱ ዞር አይሉም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው "ያ አላህ" አለና መጋረጃውን ሳበ። እኔ ካርታው እንዳይታጠፍ ጭኔ ላይ ዘርግቼ በሁለት እጄ ይዤው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መስመሩ እኔ እንዳልኩት ሆነ። ጋሪዎቹ በተራ ከድልድዩ ይነሣሉ፣ ፌርማታ ላይ ይቆማሉ፣ ይነሣሉ። የፌርማታውን እንጨቶች እኔ ራሴ ቀለም ቀብቻቸዋለሁ። አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና እንደልቡ ይሄዳል። ሃምሳ አለቃው ሳይቀር በራፌ ላይ ቆሞ "ጎሚስታው፣ አንተ እኮ ሚኒስትር መሆን ነበረብህ" ብሎኝ አልፏል። እውነቱን ነው የተናገረው።

ከዚያ ሠራተኛው ማርፈድ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ጋሪ ነበር፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት፣ ኋላ ጡሩምባው ሲነፋ የፋብሪካው የኋላ በር ባዶ ሆኖ የሚገኝበት ጠዋት መጣ። ሃምሳ አለቃው አሁን በበራፌ ሲያልፍ አይስቅም። "ያንተ ጋሪዎች መንገድ ላይ ምን ይሠራሉ? ይጋልባሉ ወይስ ይተኛሉ?" አለኝ። ወንድሜን ብጠይቀው "መጥተህ እይ" ብቻ አለኝ።

ሄድኩ። አንድ ጠዋት ከድልድዩ ከእሱ አጠገብ ተሳፈርኩ። ከኋላችን የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ወንድም ሴትም፣ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። መስጊዱን እንዳለፍን ከፊታችን ጀናዛ አየሁ። ከሰሜን መጥተው ከድልድዩ ማዶ ከሰፈሩት ሰዎች አንዱ ሞቶ ነው። የተገነዘበት ከፈን የስንዴ ማዳበሪያ ተገጣጥሞ የተሰፋ ነው። ቃሬዛውን የያዙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የኋለኛው በየጥቂት እርምጃው ቃሬዛውን መሬት ያስነካ ነበር።

ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት የሚቀብረው ቅሬው ነው። ቅሬ የሠፈር ሰው ሙቱን ለመቅበር ያቆመው ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይገባበታል። ለፋፊው ሲጮኽ የቅሬው ወንድ ሁሉ ስለሚወጣ ተሸካሚ ይተርፋል እንጂ አይጎድልም። እንግዳ ሰው ሲሞት ግን ቅሬ የለውም። ቅሬ የሌለው ሬሳ ቅሬው መንገደኛው ነው። ሬሳውን መንገድ ላይ ያገኘ ከበቅሎው ይወርዳል፣ የያዘውን ያስቀምጣል፣ ትከሻውን ይሰጣል፣ አፈር አልብሶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። አልፎ የሄደ ሰው እሱም ሲሞት ተሸካሚ ያጣል ይባላል። ይህን ማንም ተቀምጦ አይማረውም።

ወንድሜ ልጓሙን ሳበ። ማንም ማንንም ሳያዝ ወንዶቹ ከጋሪው ዘለው ወረዱ። ሴቶቹም ወርደው ከመንገዱ ዳር ቆሙ። አንዱ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ጎረምሳ ከሁሉ ቀድሞ ከኋለኛው ሰው ትከሻ ቃሬዛውን ተቀበለው። ሰውዬው የተቀበለውን አላመነም መሰለኝ፤ እጁን እንዳነሣ ባዶውን ይዞ ትንሽ ሄደ። እኔም ወርጄ ተሸከምኩ። ቀላል ነበር። ጎማ አንሥቼ የማውቅ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ የቀለለ ነገር በአራት ሰው ተሸክሜ አላውቅም።

ስንጨርስ ከኋላችን የነበሩት ጋሪዎችም ቆመው፣ ተሳፋሪያቸውም ወርዶ አጥሩ ሥር ነበር። እጃችንን ሳንታጠብ ተመልሰን ተሳፈርን። ብዙም ሳንርቅ ሌላ ቃሬዛ መጣ።

የፋብሪካው ጡሩምባ የተነፋው ሁለተኛውን አፈር ስናለብስ ነው። አንዲት ሠራተኛ "ዛሬም ቀረን" አለች። ሌላዋ "ዝም በይ" አለቻት። ያን ጊዜ ምንም አልተሰማኝም። አሁን ስጽፈውም ምንም አይሰማኝም፤ ድምፁን ብቻ አስታውሳለሁ።

ሠራተኞቹን አውርደን ስንመለስ ወንድሜን ተቆጣሁት።

"እንዲህ እያደረግህ ጋሪህን ታጣለህ። ምክር ቤቱ ያለውን ነግሬህ የለም ወይ?"

"ነግረኸኛል።"

"ታዲያ ሲያጋጥምህ ቀስ ብለህ እለፍ። ቆብህን አውልቅ፣ ፋቲሃ ቅራና እለፍ። ሰው በልቡ ይሸኛል።"

"እሺ ጋሼ።"

"እሺ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ነገ ልጓሙን አንተ ትይዛለህ። አንተ ካለፍክ እኔ ከኋላህ ሆኜ አልፋለሁ።"

ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አድርጎ ይሰማናል። በነጋታው ልጓሙን አልያዝኩም፤ የሚጠገን ጎማ ነበረብኝ።

ወንድሜና ሌሎቹ ጋሪ ነጂዎች ቀድመው መነሣት ጀመሩ። ጎህ ሳይቀድ ከድልድዩ ይወጣሉ። ግን ሙቱም እንደ እነሱ ቀድሞ ወጣ። ጧት የሚቀበረው በሌሊቱ ብርድ የሞተው ስለሆነ፣ ጋሪው ማለዳ በተነሣ መጠን የሚያገኘው ሬሳ በዛ። ሰዓት በማሻሻል የሚፈታ ነገር አልነበረም፤ በብዙ መንገድ አስቤበታለሁ። እኔ አስቤ ያልፈታሁትን ሌላ ሰው ይፈታዋል ብዬ አላምንም።

በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ምክር ቤቱ ጋሪውን በተመለከተ ተሰበሰበ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ይሸታል። ሃምሳ አለቃው ሪፖርቱን አነበበ፦ ሠራተኛው እያረፈደ ነው፣ ፋብሪካው አቤት ብሏል። ምክንያቱን ግን አላነበበም። ያን ሰሞን ረሃብ የሚለው ቃል በስብሰባ አይነሣም፤ የዝናብ እጥረት ነው የሚባለው። የዝናብ እጥረት ደግሞ ሰው አይገድልም።

"ምክንያቱ ምንድን ነው?" አለ ሊቀ መንበሩ። ጥያቄው ለኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ ወደ እኔ ዞረ። በርበሬ ሻጯ እንኳ አቀርቅራ ጥፍሯን ታያለች።

ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ቦታ መነሣት ለእኔ አዲስ አይደለም።

"ጀናዛ እያጋጠማቸው ነው" አልኩ። "ከድልድዩ ማዶ ያለው ሰው ቅሬ የለውም። ጋሪ ሲደርስ ሬሳው ተሸካሚ የለውም፤ ስለዚህ ይወርዳሉ። አንዱን ቀብረው ሲነሡ ሌላው ይመጣል።"

ሃምሳ አለቃው ቆቡን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ሊቀ መንበሩ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ልጅ ሲሳሳት የሚያርም አስተማሪ ነበር የሚመስለው።

"ጓድ፣ ፈረሶቹ ደክመዋል ማለትህ ነው" አለ።

"እኔ ያልኩት..."

"ፈረሶቹ ደክመዋል። ይህንን ነው የተናገርከው።" ወደ ጸሐፊው ዞረ። "ፈረሶቹ በመኖ እጥረት ስለ ደከሙ ብለህ ያዝ። በቃ፣ መኖም አትበል። ስለ ደከሙ ብቻ።"

ተቀመጥኩ። ቀድሞ አስተማሪ የነበረው ያ ሰው ያን ቀን እኔን ከምን እንዳዳነኝ አውቃለሁ፤ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም የምንባባለው በዓይን ነበር። ያን ነገር በዚያ አዳራሽ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ማንም ሊወስድብኝ አይችልም።

ፈረስ ከደከመ ውሳኔው ግልጽ ነው። ጋሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው ውስጥ ሰው እንዳይጭን ተወሰነ። ለሠራተኛው አውቶቡስ እንዲመደብ ለደሴ ይጠየቅ ተባለ። አውቶቡሱ በአስፋልቱ ይሄዳል፤ ፌርማታዎቹን የትራንስፖርት ኮሚቴው ያጠናል። እጅ ሲወጣ የእኔም እጅ ወጣ። ባይወጣም ያው ነበር።

ውሳኔውን ለወንድሜ የነገርኩት እኔ ነኝ። በረቱ በር ላይ ቆሞ ገለባ እየበጠረ ነበር።

"ፈረሴ ደከመ አሉ?"

"ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል።"

"ስማ አንተ፣ ደክመሃል ተብሏል" አለ ለፈረሱ። ፈረሱ ገለባውን ይበላል። "እሱን ቢጠይቁት ሰው ነው የደከመው ይላቸው ነበር።"

"አብሽር፣ እኔ እያለሁ ልጆችህ አይራቡም።"

"አውቃለሁ ጋሼ" አለ። አላሾፈም።

ፈረሱን ለመሸጥ ተስማማን። በንግግር ማንም ስለማይችለኝ አብሬው ገበያ ወጣሁ። ያገኘነው ገዢ የአገሬ ሰው ነው፤ ከቢስቲማ በኩል የመጣ ጠና ያለ ገበሬ። ሚስቱ ታማ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አስተኝቷት ወደዚህ የወረደው፣ ወደ ቤቷ የሚያደርሳት ፈረስ ፈልጎ ነው። የፈረሱን ጥርስ አየ፣ ሰኮናውን አንሥቶ አየ፣ ጀርባውን በመዳፉ ዳበሰ። ወደደው። "እስቲ ሲሄድ ልየው" አለ። በአስፋልቱ ፈረስም መሄዱ ስለተከለከለ በታችኛው መንገድ ወሰድነው። እሱ ከጀርባው ላይ ወጣ፣ ወንድሜና እኔ በእግራችን ተከተልን።

የመቃብሩ አጥር ጋ ስንደርስ ፈረሱ ቆመ።

ገዢው በእግሩ ኮረኮረው። ፈረሱ ንቅንቅ አላለም። "ኧረ በአላህ! ይገትራል እንዴ?" አለ።

"አይገትርም" አለ ወንድሜ።

"ታዲያ ምን ሆነ?"

ወንድሜ በአገጩ አመለከተው። ከመታጠፊያው ሦስት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ይመጣሉ። አንደኛው ሽማግሌ ስለሆነ በአንድ እጁ ምርኩዝ፣ በሌላው ቃሬዛውን ይዟል። ፈረሱ ከእኛ ቀድሞ አይቷቸዋል።

"ወርደህ ተሸከም" አለው ወንድሜ። "አፈር ሲለብስ ይሄዳል።"

ሰውዬው ቀልድ መስሎት እኔን አየኝ። ከዚያ ወረደ። ምርኩዙን የያዘውን ሽማግሌ ወንድሜ ተቀበለው፤ እኔና ገዢው ከኋላ ገባን። ጋሪዎቹ በነበሩ ጊዜ መንገዱ በሠራተኛ ይሞላ ነበር፤ አሁን ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ጉድጓዱንም ራሳችን አጠለቅነው። ጨርሰን ስንመጣ ፈረሱ ሳይታሰር በቆመበት ቆሟል። ወንድሜ ምንም ሳይለው ፈረሱ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ መራመድ ጀመረ።

ገዢው ከእጁ አፈሩን አራገፈ። እኔ ስለ ፈረሱ ጥሩነት መናገር ጀምሬ ነበር፤ ይሄ አመል በጥቂት ቀን ይለቀዋል፣ ሌላ አገር ሲሄድ ይረሳዋል እያልኩ። ሰውዬው አላቋረጠኝም። ስጨርስ ወንድሜን አየውና፣

"ፈረስህ ጥሩ ፈረስ ነው፤ ወላሂ አልጠላሁትም" አለ። "ግን ወንድምዓለም፣ ከቢስቲማ እስከዚህ ያለውን መንገድ በቀደም መጥቼበታለሁ፤ ቃሬዛ ያላየሁበት ቦታ የለም። በዚህ ፈረስ ሚስቴን ይዤ እንዴት ብዬ ቤቴ እገባለሁ?"

ወንድሜ ልጓሙን ተቀበለው። ሰውዬው ሁለታችንንም ጨበጠን፣ "አላህ ያግራላችሁ" ብሎ ወደ ገበያው ተመለሰ።

ፈረሱ ሳይሸጥ ቀረ። ወንድሜ ከቦርከና አሸዋ እየጫነ ለግንበኞች ማመላለስ ያዘ። የአሸዋ መንገዱ ያው የታችኛው መንገድ ነው። ፈረሱ ይቆማል፣ እሱ ይወርዳል፣ ግንበኞቹ ይሳደባሉ። ልጆቹ ብዙውን ጊዜ እኔ ቤት ይበሉ ነበር፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

አውቶቡሱ ከበዓሉ በኋላ መጣ። ፌርማታዎቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ካርታውንም ይዤ ደሴ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ በዚህኛው ላይ መለኪያውን አልረሳሁም። ያ ወጣት መሐንዲስ አይቶ እጄን ጨበጠኝ። አሁን እዚያ ሠፈር ብትሄዱ ሰው ሚኒባስ የሚጠብቀው ያን ጊዜ እኔ ምልክት ባደረግኩበት ቦታ ነው።

ሥራ በጀመረበት ቀን የኮሚቴው አባላት ከሠራተኛው ጋር ተሳፈርን። ሊቀ መንበሩ ከፊት፣ እኔ ከመስኮቱ አጠገብ። ከመስጊዱ በላይ አስፋልቱ ከፍ ስለሚል የታችኛው መንገድ ከላይ ይታያል። አሸዋ የጫነ ጋሪ አጥሩ ሥር ቆሟል። ዳማው ፈረስ ነው። ጋሪው ላይ ሰው የለም። ከአጥሩ ውስጥ የሚታዩት ሰዎች ጥቂት ስለነበሩ ወንድሜ የትኛው እንደሆነ ከሩቅም ለየሁት። ማተብ ያሰረው ጎረምሳ ከፊቴ ወንበር ላይ ነበር፤ እሱም ወደ ታች አየ፣ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ አለ፣ ከዚያ ተቀመጠ። አውቶቡሱ በሁለት ፌርማታ መካከል አይቆምም። መመሪያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ፋብሪካው በር ስንደርስ ጡሩምባው ገና አልተነፋም ነበር። ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየ። ኮሚቴው አጨበጨበ።